ጋዝም እንጨትም የሚያነድ የቤት ማሞቂያ ምድጃ አሰራር፣ ከስሌቱ እስከ ሙከራው

ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ደባርቅ፣ ጋሳይ ወይም እንጦጦ ጥግ የሚኖር ሰው የህዳርና የታህሳስን ሌሊት እኔ ልንገረው አያስፈልገውም። ጋቢ ደርቦ ተቀምጦ እንኳን እግር አይሞቅም። አብዛኛው ሰው ያለው መፍትሄ ደግሞ ከሰል አቀጣጥሎ ማንደጃውን ወደ ክፍሉ ማስገባት ነው፣ በየዓመቱ ቤተሰብ እንዳለ ተኝቶ የሚቀረውም በዚሁ ነው። "ውጪ በደንብ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ በኋላ ካስገቡት ምንም አይልም" የሚባለው ነገር ስህተት ነው። የሚያልቀው የሚታየው ጭስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ እንደውም በደንብ የሚመረተው የቀላ ፍም ክምር ውስጥ ነው፣ ምክንያቱም ከታች የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀላው ከሰል መሀል ሲያልፍ ወደ ሞኖክሳይድ ይቀየራል። ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጉልበት ይይዘዋል፣ ሰውየው እንቅልፍ የመጣበት ነው የሚመስለው።

ስለዚህ እዚህ የምናወራው ያንን ማንደጃ ስለሚተካ ነገር ነው፣ እንጨት ሲኖር እንጨት፣ ሲቸኩሉ የሲሊንደር ጋዝ የሚነድበት፣ ጭሱን ሙሉ ለሙሉ ከቤት የሚያወጣ የብረት ምድጃ። ዋናውን ነገር አሁኑኑ ልበለው፦ አንድ አካል፣ ሁለት ሆድ (እሳቱ የሚነድበት ሳጥን)፣ ሁለት ጭስ ማውጫ። ብዙ ሰው "ሁለቱንም የሚያነድ" ሲባል አንድ የእሳት ቦታ ሰርቶ ከስር የጋዝ ማቃጠያ መክተት ይመስለዋል፣ አይሰራም። አመዱ የማቃጠያውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ የፍሙ ሙቀት የጋዙን ቫልቭ ጎማ ያቀልጣል፣ ከዛ ጋዙ ሲያፈስ በቀጥታ ፍም ላይ ነው የሚያፈሰው። ሁለቱን ጎን ለጎን ለያይታቹ ሰርታቹ በአንድ ቆርቆሮ ልብስ ብትሸፍኑት ግን ሲታይ አንድ ምድጃ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፣ የብየዳው ስራ የሰፈር በያጅ ይችለዋል፣ የጋዝ መስመሩን ግን ጋዝ የሚገጥም ባለሙያ ይስራው። እዚህ ላይ ዝርዝሩን የምጽፈው ባለሙያው የሰራውን ማየትና መጠየቅ እንድትችሉ ነው።

ደረጃ 1፦ ቤታቹ ስንት ሙቀት ይፈልጋል?

ሰው ሁሌ ትልቅ ምድጃ ነው የሚሰራው፣ ከዛ ክፍሉ ሲግል አየሩን ዘግቶ እሳቱን ያፍነዋል፣ የታፈነ እሳት ደግሞ ሬንጅ የሚመስል ጥቁር ዝቃጭ ቱቦው ላይ ይጋግራል፣ ያ ዝቃጭ አንድ ቀን ራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ መጀመሪያ ስሌት።

የሳሎን ምሳሌ እንውሰድ፣ 4 በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.6። ውጪው 5 ዲግሪ ሆኖ ውስጡን 18 ማድረግ ከፈለግን ልዩነቱ 13 ዲግሪ ነው። አራቱ ግድግዳዎች ሲደመሩ 41.6 ካሬ ሜትር ናቸው። የ20 ብሎኬት ወይም ወፈር ያለ የጭቃ ግድግዳ በአንድ ካሬ ሜትር፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት ከ2 እስከ 2.5 ዋት ያሾልካል፣ 2.3 ብንይዝ 41.6 × 2.3 × 13፣ ወደ 1,240 ዋት ማለት ነው። ጣሪያው 16 ካሬ ነው፣ ኮርኒስ ካለው 3 ዋት ገደማ ብለን 16 × 3 × 13 ወደ 620 ዋት። ኮርኒስ የሌለው ራቁት ቆርቆሮ ከሆነ ግን 7 ዋት ገደማ ስለሆነ 1,450 ይደርሳል። ወለሉና በበር በመስኮት የሚገባው አየር 400 ዋት ያህል ይጨምራሉ።

ድምር፣ ኮርኒስ ላለው ቤት 2.3 ኪሎዋት ገደማ፣ ለሌለው 3.1። እዚህ ጋር ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ፣ ኮርኒስ ብቻውን ወደ 800 ዋት ያተርፋል፣ ይሄ በየሌሊቱ ከ5 ሰዓት በላይ ብታነዱ 1 ኪሎ ደረቅ እንጨት ከሚሰጠው ሙቀት ይበልጣል። ኮርኒስ ከሌላቹ ገንዘቡን መጀመሪያ እዛ ላይ አውሉት፣ አቡጀዲ ቢሆንም ይጠቅማል (ግን ቱቦው የሚያልፍበት አካባቢ አቡጀዲ ፈጽሞ አይሆንም፣ ወደሱ እመጣለሁ)። ከጎረቤት ጋር የምትጋሩት ግድግዳ ካለ ከስሌቱ አውጡት። ለቀሪው ጽሑፍ 3 ኪሎዋት ለክፍሉ የሚሰጥ ምድጃ ይዤ እሄዳለሁ።

ደረጃ 2፦ የትኛው ነዳጅ ምን ይስራ?

ደረቅ እንጨት በኪሎ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ ከሰል 8 ገደማ፣ ኩበት ከእንጨት ትንሽ ዝቅ ይላል፣ የሲሊንደር ጋዝ ደግሞ 12.8። በደንብ የተሰራ የእንጨት ምድጃ ከዚህ ውስጥ 65 በመቶውን ለክፍሉ ይሰጣል ብንል 3 ኪሎዋት ለማግኘት በሰዓት 1.2 ኪሎ እንጨት ይበቃል። በጋዝ ቢሆን 75 በመቶ ብለን በሰዓት 310 ግራም ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? በምሽት 3 ሰዓት ብታነዱት ግን ወደ 1 ኪሎ ነው፣ ሲሊንደሩ ሁለት ሳምንት አይደርስም። ጋዝ በጠፋበትና በተወደደበት ሰሞን ይሄ አያዋጣም።

ስለዚህ የኔ ፍርድ እንዲህ ነው፣ ዋናው ሙቀት ከእንጨቱ ይምጣ፣ የጋዙ ጎን ትንሽ ይሁን፣ 2 ኪሎዋት የሚያቃጥል። ስራው ንጋት ላይ ልጆች ለትምህርት ቤት ሲለባብሱ ግማሽ ሰዓት ማሞቅ ነው፣ ወይ ህጻን ሲታጠብ፣ ወይ የታመመ ሰው ሲኖር ሌሊት ተነስቶ እንጨት ከማቀጣጠል ማዳን ነው። በዚህ ልክ ግማሽ ሰዓት 80 ግራም ብቻ ይበላል።

ባዮጋዝ ያላቹ ሰዎች ትጠይቃላቹ። 6 ሜትር ኩብ የሆነ የቤተሰብ ጉድጓድ ጥሩ ከሰራ በቀን አንድ ሜትር ኩብ ከፍ ቢል አንድ ተኩል ይሰጣል፣ ይሄ ከ6 እስከ 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ወጡና ቡናው ይጨርሰዋል። ደግሞ የሚያሳዝነው ብርድ ሲበረታ የጉድጓዱ ምርትም ይቀንሳል፣ ሙቀት በፈለጋችሁበት ወር ጋዙ ያንሳቹኋል ማለት ነው። የግድ ከሆነም የሲሊንደር ጋዝ ማቃጠያ ለባዮጋዝ አይሆንም፣ ግፊቱም ጉልበቱም ሌላ ስለሆነ የራሱን ማቃጠያ ይፈልጋል።

እንጨቱ ነጭ ባህር ዛፍ ይሆናል መቼም፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ደጋው እሱ ነው የሚያነደው። የተፈለጠና ቢያንስ አንድ በጋ ጥላ ስር የደረቀ ይሁን። ርጥበቱን ለማወቅ መሳሪያ አያስፈልግም፣ አንድ ፍልጥ በኩሽና ሚዛን መዝኑና ምድጃ አጠገብ (ላዩ ላይ ሳይሆን) ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አስቀምጡት። መጀመሪያ 1,000 ግራም የነበረው 800 ላይ ከቆመ 20 በመቶው ውሃ ነበር ማለት ነው፣ ከዛ በላይ ከሆነ ክምሩ ገና ነው። ኩበት ይሆናል ግን አመዱ ብዙ ነው፣ ኩበት ዋና ነዳጃቹ ከሆነ የአመድ መሳቢያውን እጥፍ አድርጉት። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ቺፑድ፣ ፕላስቲክ አይገባም፣ በቃ።

ደረጃ 3፦ ከጭስ ማውጫው ጀምሩ

በያጅ ጋ ስትሄዱ ሳጥኑን ነው መጀመሪያ የሚሰራላቹ፣ ቱቦው "በኋላ ይገጠማል" ይባላል። ግልብጥ ነው። ምድጃውን የሚነዳው ሞተር ቱቦው ነው፣ ሳጥኑ የሚሰራው ለሱ ነው።

ጭስ የሚወጣው ውስጡ ያለው አየር ከውጪው ስለሚቀል ነው። ደጋ ላይ ደግሞ የውጪውም አየር ራሱ ስስ ነው፣ 2,800 ሜትር ላይ የአየሩ ክብደት ከባህር ወለል ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ ያህል ያንሳል፣ የቱቦው ስበትም፣ ማለትም ጭሱን ወደ ላይ የሚጎትትበት ጉልበት፣ በዛው ልክ ይቀንሳል። ባህር ዳርቻ ላይ 4 ሜትር ቱቦ 16 ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ቢስብ ደብረ ብርሃን ላይ 11 ወይ 12 ነው የሚስበው። የእንጨት ምድጃ በደንብ እንዲሰራ 12 ገደማ ይፈለጋል። ስለዚህ ከውጪ አገር ስዕል ላይ "3 ሜትር ተኩል ይበቃል" የሚል ካያቹ ለኛ አይበቃም፣ ከምድጃው አናት እስከ ቱቦው ጫፍ 4 ሜትር ተኩል ያዙ።

የእንጨቱ ቱቦ ስፋት 12 ሴንቲ። ከዛ ሰፋ ካለ ጭሱ ይቀዘቅዛል፣ ከጠበበ ይመለሳል። ውፍረቱ ቤት ውስጥ ያለው ክፍል ቢያንስ 1.5 ሚሊ ጥቁር ላሜራ ይሁን። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ላሜራ) ለምድጃው አካልና ለመጀመሪያው ሁለት ሜትር ቱቦ አትጠቀሙ፣ ሲግል ዚንኩ ይተናል፣ የዚንክ ጭስ ያሳምማል። ቱቦ ከቱቦ ጋር ሲገጠም የላይኛው ቱቦ ጫፍ ወደ ታችኛው ውስጥ ይግባ፣ ጭስ የሚያልፈው ወደ ላይ ስለሆነ ግልብጥ ይመስላል ግን ጥቁሩ ፈሳሽ ወደ ታች ሲወርድ ውስጥ ለውስጥ እንዲወርድ ነው፣ አለበለዚያ ሳሎን ውስጥ ነው የሚንጠባጠበው። ክርን (የታጠፈ ቱቦ) ከሁለት በላይ አታድርጉ፣ አግድም የሚሄድ ቱቦ ባይኖር ጥሩ፣ ካለም ከ60 ሴንቲ አይለፍ።

ጣሪያ ላይ ስትደርሱ ነው አደጋው። ነጠላ ቱቦ ከማንኛውም እንጨት፣ ከማገርም ከወራጅም ከኮርኒስም፣ 45 ሴንቲ መራቅ አለበት። ይሄን ርቀት ማግኘት ካልቻላቹ በሚያልፍበት ቦታ 12ቱን ቱቦ በ22 ሴንቲ ሌላ ቱቦ አልብሱትና መሀሉን እሳት በማይበላው የድንጋይ ሱፍ (ሮክ ዉል) ሙሉት፣ ኮርኒሱንም ዙሪያውን ቆርጣቹ በላሜራ ተኩት። አቡጀዲም ቺፑድም አንድ ስንዝር እንኳን አይቅረበው። ጫፉ ከቆርቆሮው 90 ሴንቲ ይውጣ፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም ነገር ደግሞ 60 ሴንቲ ይብለጥ፣ ከጎረቤት ፎቅ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ከሆነ ንፋሱ ጭሱን መልሶ ይጨምረዋል። የሳር ክዳን ላለው ቤት ይሄን ምድጃ አልመክርም፣ አንድ ፍንጣሪ ይበቃል።

የጋዙ ቱቦ የራሱ ነው፣ 8 ሴንቲ፣ ከእንጨቱ ቱቦ ጋር የትም ቦታ አይገናኝ። አሜሪካ ውስጥ ያለው የጋዝ ደንብ ራሱ የጋዝና የእንጨት ምድጃ አንድ ጭስ ማውጫ እንዲጋሩ አይፈቅድም፣ በፋብሪካ አንድ ላይ ተሰርተውና ተፈትነው ከጸደቁት በስተቀር፣ እነሱም ቢሆኑ ስበቱ ሲጠፋ ጋዙን ራሱ የሚዘጋ መሳሪያ ይገደዳሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ በጥላሸት የጠበበ ቱቦ የጋዙን ጭስ ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል፣ የጋዝ ጭስ ደግሞ አይታይም። የጋዙ ቱቦ ላይ በእጅ የሚዘጋ መዝጊያ አይደረግም። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ስለሚወጣ ቱቦው ይዝጋል፣ ስለዚህ ብረቱ አይዝጌ ወይ ወፍራም አሉሚኒየም ቢሆን ይመረጣል፣ ታችኛው ክርን ላይም የውሃ መውጫ ትንሽ ቀዳዳ ይኑረው።

ደረጃ 4፦ የእንጨቱ ሆድ

የውስጥ ልኩ ስፋት 25፣ ጥልቀት 30፣ ቁመት 35 ሴንቲ። ይሄ ልክ አንዴ ሲጨመርበት 1 ኪሎ ገደማ የሚይዝና በየ45 ደቂቃው የሚጨመርበት ነው። አካሉ 3 ወይ 4 ሚሊ ላሜራ፣ በሩ 5 ሚሊ፣ ስስ ከሆነ በአንድ የብርድ ወቅት ይጣመምና አይዘጋም። ውስጡን እስከ 20 ሴንቲ ቁመት በጡብ አልብሱት፣ ፋየር ብሪክ (እሳት የሚችል ጡብ) ካገኛቹ እሰየው፣ ካልሆነም በደንብ የተተኮሰ ቀይ የሸክላ ጡብ ይሰራል፣ በጎኑ አቁማቹ። ማያያዣው ሲሚንቶ አይሁን፣ ሲግል ይፈረካከሳል፣ ጥሩ የሸክላ አፈርና የተነፋ አሸዋ ይበቃል። ጡቡ ለጌጥ አይደለም፣ እሳቱ ራሱ በቂ ሙቀት ካልያዘ ጭሱ ሳይቃጠል ነው የሚወጣው፣ ጭስ ማለት ያልተቃጠለ እንጨት ነው።

ፍርግርጉ ከ16 ፌሮ ይሰራ፣ በመሀሉ አንድ ሴንቲ ክፍተት እየተወ። ብየዳው አካሉ ላይ አይሁን፣ ተነስቶ የሚቀየር ይሁን፣ መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው። ከስሩ የአመድ መሳቢያ።

አየር በሁለት በኩል ይገባል። አንደኛው ከፍርግርጉ ስር፣ 5 በ5 ሴንቲ የሆነ ተንሸራታች መዝጊያ ያለው። ሁለተኛው ላይ ላዩን፣ ከጡቡ ኋላ በቀጭን ሳጥን ወጥቶ የሞቀ አየር በጀርባው ግድግዳ በ8 ሚሊ ቀዳዳዎች የሚነፋ፣ 20 ቀዳዳ በሁለት ረድፍ፣ ከእንጨቱ ክምር ከፍ ብሎ። ይሄኛው መዝጊያ የለውም። ሰው የመጀመሪያውን አየር እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ይቀንሰዋል፣ ሁለተኛው ግን ሁሌ ክፍት ሆኖ ጭሱን ያቃጥላል። በጣም ብዙ የሰፈር ምድጃ ላይ የሌለው ነገር ይሄ ነው፣ ጥቁር ጭስ የሚያስወጡትም ለዚህ ነው።

አናቱ ላይ ቱቦው ጋር ከመድረሱ በፊት እሳቱን የሚመልስ ጠፍጣፋ ብረት ያስፈልጋል፣ 6 ሚሊ፣ ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት ትንሽ ከፍ እያለ የሚመጣና ከፊት 6 ሴንቲ ክፍተት የሚተው። 25 በ6 ማለት 150 ካሬ ሴንቲ ነው፣ የቱቦው አፍ 113 ገደማ ስለሆነ አያንቀውም። እሳቱ ቀጥታ ወደ ቱቦ ከመሮጥ ወደ ፊት ዞሮ፣ ተመልሶ ነው የሚወጣው። ይሄም እንደ ፍርግርጉ ሳይበየድ ተቀምጦ የሚነሳ ይሁን፣ ላዩ ላይ ጥላሸት ስለሚከማች።

የበሩ ማሸጊያ የመስታወት ክር ገመድ ነው። አስቤስቶስ ቢሰጧቹ አትውሰዱ፣ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል።

ደረጃ 5፦ የጋዙ ሆድ

ከእንጨቱ ሆድ ጎን፣ በመሀላቸው 5 ሴንቲ ክፍት አየር ትታቹ፣ ከታችም ከላይም ክፍት፣ አየሩ እየሞቀ ወደ ክፍሉ የሚወጣበት። ይሄ ክፍተት የጋዙን እቃ ከእሳቱ ይጠብቃል፣ ክፍሉንም ያሞቃል። የጋዙ ሳጥን ስፋቱ 20፣ ጥልቀቱ 30፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ የሆነ 1.5 ሚሊ ላሜራ ነው፣ ውስጡ ሁለት አግዳሚ ብረት በተቃራኒ ጎን ይደረግና ትኩሱ ጭስ እየተጠማዘዘ ይወጣል።

ወለሉ ክፍት ይሁን። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ፣ ዝግ ወለል ካለ ያፈሰሰው ጋዝ እዛው ይጠራቀምና ክብሪት ስትለኩሱ ይፈነዳል።

ማቃጠያውን ራሳቹ አትስሩ። ነበልባል ሲጠፋ ጋዙን የሚዘጋ ቫልቭ ያለው፣ ማለትም ከነ ቴርሞካፕሉ የሚሸጥ ማቃጠያ ግዙ። ቴርሞካፕል ማለት እሳቱ አጠገብ የምትቆመው ቀጭን ዘንግ ናት፣ ስትሞቅ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፣ ያ ኤሌክትሪክ ቫልቩን ክፍት አድርጎ ይይዘዋል፣ እሳቱ ሲጠፋ ትቀዘቅዛለች፣ ቫልቩ ይዘጋል። መብራት ቢጠፋም ይሰራል፣ ይሄ ለኛ ትልቅ ነገር ነው።

ኖዝሉ ላይ ተጠንቀቁ፣ ኖዝል ያልኩት ጋዙ የሚወጣባትን የነሐስ ቀዳዳ ነው። ከአውሮፓ ወይ ከአረብ አገር በእቃ የመጣ ምድጃ ለቧንቧ ጋዝ (በመስመር ወደ ቤት ለሚገባው) ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል፣ የቧንቧ ጋዝ ኖዝል ሰፊ ነው፣ በሲሊንደር ስታነዱት ቢጫ ሆኖ ይንቀለቀልና ጥላሸት ያወርዳል። ለሲሊንደር ጋዝ በ30 ሚሊባር 1.75 ኪሎዋት የሚሰጥ ኖዝል በባህር ወለል 0.65 ሚሊ ገደማ ነው። ደጋ ላይ ደግሞ ማቃጠያው የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ያው ኖዝል እንኳን ጋዝ ያበዛል፣ ስለዚህ አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ ኖዝል ገጥማቹ የአየር መግቢያዋን ከፈት አድርጉ። ዳኛው ነበልባሉ ነው፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ፣ ከማቃጠያው ሳይነሳ፣ ጫፉ ላይ ቢጫ ሳይኖረው። ቀዳዳውን በመርፌ አትነካኩ፣ በመርፌ የሰፋ ኖዝል ኖዝል አይደለም።

ሳጥኑ አናት ላይ ጭሱ ወደ ቱቦው ከመግባቱ በፊት ለክፍሉ ክፍት የሆነ ባርኔጣ ይደረጋል፣ ንፋስ ከላይ ሲመታ እሳቱን እንዳያጠፋ። የዚህ ባርኔጣ አፍ ነው ቀጣዩ ደረጃ ላይ የምንፈልገው።

ደረጃ 6፦ ሁለቱ አብረው እንዳይነዱ

ቱቦአቸው ቢለያይም የሚተነፍሱት የአንድ ክፍል አየር ነው። እንጨቱ በደንብ ሲነድ ክፍሉን ይስበዋል፣ አየር ካነሰው በጋዙ ቱቦ በኩል ወደ ታች ይስባል፣ የጋዙ ጭስ ቤት ውስጥ ቀረ ማለት ነው። "አብረን አንለኩሰውም" ማለት አይበቃም፣ ልጅ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ሰራተኛ አለች።

መፍትሄው ርካሽ ነው። ፈጣን የጋዝ ውሃ ማሞቂያዎች ላይ ከቴርሞካፕሉ መስመር ጋር ተያይዞ የሚሰራ ትንሽ የሙቀት ማቋረጫ አለ፣ መለዋወጫ ሆኖ ይሸጣል፣ ከተወሰነ ሙቀት በላይ ሲሆን ሽቦውን ይቆርጣል። ሁለት ግዙ። አንዱን የባርኔጣው አፍ ላይ አድርጉ፣ ጭሱ ከተመለሰ ይሞቃል፣ ይቆርጣል፣ ጋዙ ይዘጋል። ሁለተኛውን የእንጨቱ ሆድ ውጪ ግድግዳ ላይ፣ በ5 ሴንቲ ብረት ቅንፍ ራቅ አድርጋቹ፣ እሳት ካለ ጋዙ ቢለኮስም እንዳይዝ። ሁለቱም በተርታ ከቴርሞካፕሉ ሽቦ ጋር ይገናኛሉ፣ አንዱ ቢቆርጥ በቂ ነው። ኤሌክትሪኩ ሚሊቮልት ስለሆነ መገናኛው ንጹህና ጥብቅ ካልሆነ ቫልቩ በባዶ ሜዳ እየዘጋ ያስቸግራል፣ በተራ ቴፕ ጠምዝዞ መተው አይሆንም። ባርኔጣው ላይ ያለው ደጋግሞ ከቆረጠ ግን "ተበላሸ" ብሎ ማገናኘት አይደለም፣ ስራውን እየሰራ ነው፣ ቱቦውን እዩ።

ደረጃ 7፦ ሲሊንደር፣ የጋዝ ቧንቧ፣ አየር

ሲሊንደሩ ውጪ ይቀመጥ፣ ቆሞ፣ መሬት ላይ፣ ከስርም ከላይም አየር በሚያልፍበት የብረት ሳጥን፣ ከቦይና ከጉድጓድ ርቆ። ግድግዳውን የሚያልፈው የመዳብ ቧንቧ በሌላ ሰፋ ያለ ቱቦ ውስጥ ይለፍ። ጎማ ካለም አጭር፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ያልበለጠ፣ ለጋዝ የተሰራና ቀን የታተመበት፣ ከምድጃው ጀርባ የማያልፍ። ብርድ ሲበረታ ቡቴን የበዛበት ሲሊንደር ግፊቱ ይወርዳል፣ ነበልባሉ ይደክማል። ሙቅ ውሃ ማፍሰስ ወይ ከሰል ማስጠጋት ሰው ሲያደርግ ይታያል፣ በፍጹም እንዳታደርጉት፣ ጸሐይ የሚያገኝበት ጎን አስቀምጡት፣ ያ ነው።

ክፍሉ ላይ 10 በ10 ሴንቲ የሆነ ክፍት ቀዳዳ ከወለል አጠገብ፣ ከምድጃው ብዙ ሳይርቅ፣ ወንፊት ተደርጎበት። ለእሳቱ አየር ያመጣል፣ የፈሰሰ ጋዝም በዛ ይወጣል። ሰው ብርድ ገባ ብሎ በጨርቅ ይወትፈዋል፣ ስለዚህ ከምድጃው ጀርባ እጅ የማይደርስበት ቦታ አድርጉት።

ምድጃው 15 ሴንቲ እግር ይኑረው፣ ስሩ ሲሚንቶ ወይ ድንጋይ፣ ከበሩ ፊት 40 ሴንቲ ወጣ ያለ። የጭቃ ግድግዳ ውስጡ እንጨትና ጭድ ነው፣ ስለዚህ 50 ሴንቲ አርቁት፣ ቦታ ከሌለ ከግድግዳው በ3 ሴንቲ ክፍተት ላሜራ አቁሙና ርቀቱን ወደ 25 አውርዱት።

ደረጃ 8፦ ሙከራ

መጀመሪያ ውጪ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ሜትር ቱቦ ገጥማቹ ሁለት ሶስት ትናንሽ እሳት፣ በየመሀሉ እያቀዘቀዛቹ አንድዱበት። የብረቱ ዘይትና ቀለም ሽታው እዛው ይለቅ፣ የሸክላው ማያያዣም ቀስ ብሎ ይድረቅ።

ከገጠማችሁት በኋላ ጋዙን ስትከፍቱ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቅቡ፣ አረፋ ከተነፋ ያፈሳል። በእሳት አይፈተሽም፣ ይሄን መጻፍ ባያስፈልግ ደስ ባለኝ።

ስበቱን ለማየት ከእጣን የተሻለ የለም። በርና መስኮት ዝጉ፣ ጋዙን ለኩሱ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዛ የሚጨስ እጣን ባርኔጣው አፍ ስር ያዙና ዙሪያውን አዙሩ፣ ጭሱ ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። ከተመለሰ ወይ ዝም ብሎ ከተንሳፈፈ ጋዙን አጥፉና ቱቦውን አስረዝሙ። ከዛ ከክፍሉ አጠገብ ያለ ኩሽና ውስጥ ምድጃ እየነደደ፣ ንፋስ ባለበት ቀንም ደግሙት። የሙቀት ማቋረጫውን ለመፈተሽ የጋዙን ቱቦ አፍ በርጥብ ጨርቅ ዝጉና (ሰው ጣሪያ ላይ፣ ሰው ምድጃው ጋ፣ በርና መስኮት ተከፍቶ) ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ እዩ፣ በሁለት ሶስት ደቂቃ ውስጥ ጋዙን ካልዘጋ ቦታው ትክክል አይደለም።

የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ግዙ፣ በባትሪ የሚሰራውን። ውጪ አገር ዘመድ ያላቹ ሽቶና ጫማ ከምታዝዙ ይሄን አስመጡ። የአውሮፓው ደረጃ ያለው አላርም 50 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 50ው ሞኖክሳይድ ሲሆን) ላይ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቶ፣ 100 ላይ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ፣ 300 ላይ ግን በ3 ደቂቃ ውስጥ ይጮሃል። መኝታ ቤት ውስጥ፣ ስትተኙ ጭንቅላታቹ በሚደርስበት ከፍታ ስቀሉት። ሲጮህ መጀመሪያ ሰው ይውጣ፣ ምድጃው በኋላ ይታያል።

አያያዙ

እንጨቱን ከላይ አቀጣጥሉት፣ ወፍራሙ ከስር፣ ጭራሮው ከላይ፣ ጭሱ በእሳቱ መሀል ስለሚያልፍ ይቃጠላል። ስትተኙ የታችኛውን አየር ሙሉ ለሙሉ ዘግታቹ ፍሙን ለማሳደር አትሞክሩ፣ ቱቦው ሲቀዘቅዝ ስበቱ ይቆማል፣ ፍሙ ግን ገና ሞኖክሳይድ እያመረተ ነው፣ በቱቦ ፈንታ በበሩ ይወጣል። ከመተኛት አንድ ሰዓት በፊት መጨመር አቁሙና ክፍት እንደሆነ ይለቅ። ከሰል የምታነዱበት ከሆነ ይሄ በእጥፍ ይሰራል፣ ከሰል ትንሽ ጭስ ስላለው ቱቦውን በደንብ አያሞቀውም።

ቱቦው በብርዱ ወራት በየወሩ ይጠረግ፣ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ነገር ካያቹ እንጨቱ ርጥብ ነው ወይ አየሩን እያፈናችሁት ነው። አመዱ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ወጥቶ ውጪ ይደር፣ አመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም እስከ ነገ ይኖራል፣ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ አይከተትም። ብርዱ አልፎ ምድጃው ስራ ሲፈታ ደግሞ አመዱን ሙሉ ለሙሉ አውጡ፣ አመድ የክረምት ርጥበት ስቦ ላሜራውን ይበላዋል። የጋዙ ማቃጠያ የአየር መሳቢያ ጉሮሮ ውስጥ ሸረሪት ማድራት ትወዳለች፣ በጥቅምት መጀመሪያ ስትለኩሱ ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ መጀመሪያ እዛ ነው የሚታየው፣ ለስላሳ ብሩሽ አስገብታቹ ጥረጉና እንደገና በእጣን ፈትሹት።